ዓመቱ ሲጋመስ፦ የያዝነው ዕቅድ የት ደረሰ?



ዓመት ሲገባ የማይታቀድ ነገር የለም። አንዱ «ዘንድሮስ ቁርኣንን ሳላኸትም አላልፍም» ይላል። ተማሪዋ ውጤቷን ከፍ ለማድረግ፣ ወጣቱ ሱብሒን በጀመዓ ለመስገድ፣ አባወራው ዕዳውን አቅልሎ ለኡድሒያ የሚሆን ገንዘብ ለመቋጠር፣ እናት ደግሞ ተቆራርጣ ከቆየችው ዘመዷ ጋር ለመጠያየቅ ለራሳቸው ቃል ይገባሉ። ከፊሉ በሙሐረም፣ ከፊሉ በመስከረም፣ ብዙው ደግሞ በረመዳን ማግስት ልብ ገና እርጥብ ሳለ የሚገባ ቃል ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ስለዚያ ቃል የሚያነሳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ያልተሳካለት አፍሮ ዝም ይላል። በከፊል የተሳካለትም የጎደለውን ብቻ እያየ ሁሉም ነገር የፈረሰበት ይመስለዋል። «እንግዲህ ለከርሞ ነው» የሚለው አነጋገር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሳው የወደድነው ይህንኑ «ለከርሞ» የሚለውን ቃል ነው። ግማሽ ዓመት ገና በእጃችን ሳለ ለምን ወደ ከርሞ እንሻገራለን? በተለይ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ እስከ ኮተቤ ባሉት መንደሮች፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ከሰዓት መድረሳ ከሚመላለሱ ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር የምንውል እንደመሆናችን፣ ይህ ቃል በብዙ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያፈርስ በቅርብ እናያለን።

ብዙ ግማሾች በአንድ ሰሞን

እንደሚታወቀው በአገራችን ሙስሊሙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ በብዙ አቆጣጠር ይኖራል። በሂጅራው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በጁማደል አኺር ያበቃሉ፤ ሰባተኛው ረጀብ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩበት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግማሹ ታኅሣሥ 30 ላይ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ዜናው ሁሉ የስድስት ወር ሪፖርት የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን መንፈቅ በጥር ገደማ ዘግተው ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ይሰጣሉ። ከመስከረም 1 የሚቆጥር ሰው ደግሞ 180ኛው ቀን የሚሞላለት የካቲት 30 ነው።

በ2018 ዓ.ም. እነዚህ ግማሾች ተከታትለው መጡ። የ1447 ዓመተ ሂጅራ ረጀብ የገባው በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ነበርና፣ የሂጅራው ዓመት፣ የበጀቱ ዓመት፣ የትምህርቱ ዓመትና የመስከረሙ ዓመት ሁሉም በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ተጋመሱ። ይህ ግጥምጥሞሽ ሁልጊዜ አይኖርም። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ረጀብ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ከታኅሣሥ ወደ ኅዳር፣ ከኅዳር ወደ ጥቅምት ይሄዳል። በነገራችን ላይ ከመስከረም ለምንቆጥር ሰዎች ሁለተኛው ግማሽ ጳጉሜን ስለሚጨምር ከመጀመሪያው በ5 ወይም በ6 ቀን ይረዝማል። «ጊዜው አለቀ» የሚል ሰው ይህችን ሒሳብ ቢያስባት አይከፋም።

መሥሪያ ቤት የመንፈቅ ሪፖርት የሚያቀርበው ለበላዩ ነው። ነጋዴም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሾላ ገበያ ነጋዴ ዕቃውን የሚቆጥረው ሱቁን ዘግቶ ከሄደ በኋላ አይደለም፤ የትኛው እንደተሸጠ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደጠጣ መሐል ላይ ካላየ ለቀጣዩ ወር ምን እንደሚያመጣ አያውቅም። በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ታላቅ ሥራቸው ስለ ሙሐሰባ ሲያስረዱ ነፍስን በንግድ ሸሪክ መመሰላቸው ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነው። ከሸሪክ ጋር መጀመሪያ ውል ይገባል፣ ቀጥሎ በዓይን ይከታተሉታል፣ ከዚያም ተቀምጠው ይተሳሰባሉ። ሱረቱል ሐሽርም በ18ኛው አንቀጽ ምእመናንን ለነገ ምን እንዳስቀደሙ እንዲመለከቱ ያዛል። ትእዛዙ «ተመልከቱ» የሚል ነው። መመልከትና ራስን መቅጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ብዙዎቻችን ሙሐሰባ ሲባል ራስን መውቀስ ብቻ ስለሚመስለን ነው የምንሸሸው።

ሉሕ እና ካርድ

በሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሁለት ዓይነት የሒሳብ አያያዝ አይተናል።

በቁርኣን ቤት ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋል። ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ በቃሉ እስኪያሰማ ድረስ ሉሑ አይታጠብም። በሦስት ቀን ያሰማ በሦስት ቀን ያጥባል፤ አሥር ቀን የፈጀበትም በአሥር ቀን። ጓደኛው ቀድሞት መሄዱ የሱን ሉሕ አያሳጥብለትም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ሲታጠብ ምላስ ላይ የቀረው ምንድን ነው?

በመደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ የሚነዳን የቀን መቁጠሪያው ነው። ልጁ ምዕራፍ ሁለት ቢገባውም ባይገባውም በተባለው ሳምንት ምዕራፍ ሦስት ይጀመራል። መንፈቁ ሲያልቅ አማካይና ደረጃ የተጻፈበት ካርድ ወደ ቤት ይላካል። እኛ መምህራን ይህን አሠራር አንነቅፈውም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ በሉሕ ሥርዓት ማስተማር አይቻልም። የምንነቅፈው ካርዱ ቤት ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ካርዱን የተቀበለ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው «ስንተኛ ወጣ?» የሚለውን ነው። ቀጥሎ የጎረቤት ልጅ ስም ይነሳል። ሦስተኛው ላይ ፍርድ ይሰጣል። የትኛው ትምህርት ላይ ነው የወረደው? ከየትኛው ወር ጀምሮ? ከታች ክፍል ያልገባው ነገር አለ ወይ? እነዚህን የሚጠይቁን ወላጆች ጥቂት ናቸው። በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የበሽተኛ ትኩሳት እንደሚለካበት ነገር መሆኑ ቀርቶ የቀብር ወረቀት ይሆናል።

በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባለበት ቤት ነገሩ ይከብዳል። ምክንያቱም አለ። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ዛሬም ከአሥሩ ዘጠኙ ከመስመሩ በታች እንደሚቀሩ የሚያውቅ አባት ጥር ላይ የወረደ ካርድ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ድንጋጤው ግን በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ውሳኔ ያስወስናል፤ «መድረሳው ይቁም» የሚል።

የአንድ ቤት ጉዳይ

ስማቸውን አንጠቅስም እንጂ፣ ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የታክሲ ሾፌር አባት በዚሁ ጉዳይ መጥተው አነጋግረውን ነበር። ልጃቸው 12ኛ ክፍል ናት። በዓመቱ መጀመሪያ አምስት ጁዝእ ለመሐፈዝና በክፍሏ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ለመሰለፍ አቅዳለች። መንፈቁ ሲሞላ የሐፈዘችው አንድ ጁዝእ ነው። የሒሳብ ውጤቷ ደግሞ ከቀድሞው ወርዷል። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ስለሚያስረክቡ ሌሊት ተነስታ ታግዛለች፤ ይህ በዕቅዱ ላይ አልተጻፈም ነበር።

«ኡስታዝ፣ ቁርኣኑ የት ይሄዳል? ፈተናው ነው የሚያመልጣት» አሉን።

የአባትነት ጭንቀታቸውን ተረድተናል። ግን ቁርኣን የት ይሄዳል የሚለው ላይ አልተስማማንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣን ካልጠበቁት ታስሮ ከሚፈታ ግመል ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያመልጥ በሰሒሕ ሐዲስ አስተምረዋል። አንድ ጁዝእ 20 ገጽ ያህል ነው። ለስድስት ወር ያልተደገመ 20 ገጽ ፈተናው ሲያልቅ ይጠብቃታል ብሎ ማሰብ በመድረሳ ልጆች ሲሆን አላየንም። ልጅቱ ታዲያ ሁለት ኪሣራ ይገጥማታል፤ የያዘችው ይጠፋል፣ «አልቻልኩም» የሚለው ስሜትም ይጨመርበታል።

በሌላ በኩል «ያቀድሽውን አምስት ጁዝእ ካላደረስሽ» ብለን ብንይዛትም ልክ አንሆንም ነበር። እስቲ ሒሳቡን እንየው። አምስት ጁዝእ 100 ገጽ ነው። በ177 ቀን ውስጥ 20 ገጽ ሐፍዛለች፤ አንድ ገጽ በዘጠኝ ቀን ማለት ነው። የቀረውን 80 ገጽ በቀረው 177 ቀን ልጨርስ ካለች በየሁለት ቀኑ አንድ ገጽ ገደማ ሊኖርባት ነው። ይህም ያለፈውን ፍጥነት በአራት ማባዛት ነው፤ ያውም ፈተና በሚቃረብበት ጊዜ። እንዲህ ያለ ዕቅድ በሁለተኛው ሳምንት እንደሚፈርስ ለማወቅ ብልህነት አይጠይቅም። ብዙ ሰው መንፈቅ ላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ያለፈውን ጉድለት በሙሉ በቀሪው ግማሽ ላይ ይጭንና ከዚያ ሁሉንም ይጥለዋል።

ከነቢዩ ጋር የተደረገ ስምምነት

ዕቅድን መቀነስ ለሰነፎች የተተወ ነገር የሚመስላቸው ወንድሞችና እህቶች የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ.) ታሪክ ቢያስታውሱ እንወዳለን። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ዐብዱላህ ገና ወጣት ሳሉ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ሊጾሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊሰግዱ፣ ቁርኣንን በአንድ ሌሊት ሊያኸትሙ ቃል ይገባሉ። አባታቸው ዐምር ባል ያላት ሴት ብቻዋን እንደምትኖር ባዩ ጊዜ ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደርሳሉ። ነቢዩም ያስጠሯቸውና በወር ሦስት ቀን እንዲጾሙ፣ ቁርኣንንም በወር አንዴ እንዲያኸትሙ ይነግሯቸዋል። ወጣቱ «ከዚህ የበለጠ እችላለሁ» እያሉ ይደራደራሉ፤ ነቢዩም ጥቂት በጥቂት ይፈቅዱላቸዋል። በመጨረሻ ጾሙ የነቢዩ ዳዉድ ጾም ሆነ፤ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን መፍታት። ቁርኣኑ ደግሞ በሰባት ቀን። ሥጋህም፣ ዓይንህም፣ ሚስትህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው የሚለው ትምህርት የተሰጠው በዚሁ ንግግር ውስጥ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እዚህ ድረስ እናውቀዋለን። የሚቀጥለው ግን እምብዛም አይነገርም። ዐብዱላህ ዕድሜያቸው ሲገፋና ጉልበታቸው ሲደክም ያንን የነቢዩን ማቅለያ በተቀበልኩ ኖሮ ይሉ ነበር። ታዲያ ተዉት ወይ? አልተዉትም። ከነቢዩ ጋር ተስማምተው የተለያዩበትን ነገር መጣል አልወደዱም። ይልቁንስ ዘዴ አበጁለት። በሌሊት ሶላት የሚያነቡትን የቁርኣን ክፍል ቀን ላይ ለቤተሰባቸው አስቀድመው ያሰሙት ነበር፤ ሌሊት እንዲቀልላቸው። ጾሙ ሲከብዳቸውም ለተወሰኑ ቀናት ያፈጥሩና የቀኖቹን ቁጥር ይዘው በኋላ ያንኑ ያህል ይጾሙ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለመንፈቅ ሒሳባችን የምናገኘው ብዙ ነው። ወጣት ሆኖ የታቀደ ነገር ደክሞ ላለ ሰው እንደሚከብድ ሰሐቦችም አይተውታል። ግን የቀን ቁጥር ይዞ ማካካስ፣ ከባዱን ሥራ በቀን ብርሃን ማለማመድ፣ ይህ ሁሉ የዕቅድ ጥገና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የሌሊት ሶላት በእንቅልፍ ወይም በሕመም ሲያመልጣቸው ቀን 12 ረከዓ ይሰግዱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ከአላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ፣ ቢያንስም እንኳ የሚዘወተረው ነው የሚለውንም ሐዲስ ያስተላለፉልን እሳቸው ናቸው።

ከአባትየው ጋር ስንነጋገር ይህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙ። «እንግዲያው ይቀነስላት እንጂ አይቁም» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከልጅቱ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ እስከ ፈተናው አዲስ ሒፍዝ የለም፤ በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ ከሐፈዘችው አንድ ገጽ ትደግማለች፤ በ20 ቀን አንዴ ጁዝኡ ይዞራል። ሒሳቡን በተመለከተ ደግሞ የ12ኛውን መጽሐፍ ለጊዜው አስቀምጣ የ9ኛ ክፍሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ይህ ከሉሕ የተማርነው ነው። ያልታጠበ ሉሕ ላይ አዲስ አይጻፍም። የእናቷን ሥራ በተመለከተ ታናሽ ወንድሟ በሳምንት ሦስት ሌሊት እንዲተካት ቤተሰቡ ተስማማ። ልጁ አልተደሰተም፤ እኛ ግን ደስ ብሎናል። ወንድ ልጅ ምጣድ አጠገብ መቆሙ ነውር የሚመስለው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ያስታውስ።

የገንዘብና የዝምድና ዕቅድም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይችላል። ለኡድሒያ በወር ሊቆጠብ ታስቦ ያልተቆጠበ ገንዘብ ካለ፣ ዋጋውም እያሻቀበ ከሆነ፣ አቅም የማይፈቅድ ነገር ላይ አላህ ባሪያውን እንደማያስጨንቅ እናውቃለን። የተኳረፈ ዘመድ ጉዳይ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክ መደወል እስከ መንፈቅ ድረስ የዘገየበትን ምክንያት እያንዳንዳችን ለራሳችን እንጠይቅ።

እንጦጦ ላይ

በጥር ዕረፍት ሰሞን ከመድረሳ ልጆች ጋር ከፈረንሳይ ተነስተን ወደ እንጦጦ ወጣን። ሱብሒ ሰግደን ነው የተነሳነው። ብርዱ ያቃጥላል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቀልደኞቹ ሳይቀሩ መሐል መንገድ ላይ ጸጥ አሉ።

ይህ ተራራ ራሱ የተለወጠ ዕቅድ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን እዚህ ላይ አድርገው ነበር። ብርዱና የውኃው ችግር ቢያስቸግር ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ታች ወደ ፍልውሃ ወረዱና አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ ስታድግ እንጨት አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን በስተምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ያዳነው በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ አደገ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። ባሕር ዛፍ አፈሩን ያደርቃል ብለው የሚወቅሱት ብዙ ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ያለ እሱ ግን ዛሬ የካ የሚባል ክፍለ ከተማ መኖሩን እንጃ። ተራራው ላይ ያለው ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ የአገር በቀል ችግኝም አብሮ ይታያል።

ስንወጣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ሲወርዱ አገኘናቸው። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ አይተዋቸዋል፤ ያን ዕለት ግን ቆመው ተመለከቱ። እናቶቹ መሐል መንገድ ላይ ሲያርፉ ሸክሙን መሬት አያወርዱትም። በወገባቸው ልክ ወጣ ያለ ገደል ወይም ትልቅ ድንጋይ ፈልገው ሸክሙን ከነገመዱ ያስደግፉታል። አንዷን ልጃችን «እማማ፣ ለምን አያወርዱትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። አንዴ መሬት ከወረደ ብቻቸውን ማንሳት እንደማይችሉ ነገሯት። ካረፉ በኋላ ገመዱን ፈተው መልሰው አጥብቀው አሠሩ፤ የላላውን እንጨት ከጎን አውጥተው ወደ መሐል አስገቡ። ሁለት ቀጫጭን እንጨት ደግሞ መዘው እዚያው ጣሉ። ወንዶቹ ልጆች እስከ ታችኛው መንገድ ልናድርስልዎ ቢሉ በደስታ ተቀበሏቸው፤ የኛም ጉዞ በግማሽ ሰዓት ዘገየ።

ከላይ ደግሞ አትሌቶች በቡድን እየሮጡ አለፉን። እንጦጦ የሯጮች መለማመጃ መሆኑ የታወቀ ነው። ወዲያው የልጆቹ ወሬ ወደ ሲፋን ሐሰን ዞረ። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በስደት ወደ ኔዘርላንድ የሄደች እህታችን ናት። በፓሪስ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘች በኋላ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸንፋ፣ ሒጃብ ለብሳ ሜዳሊያዋን መቀበሏን ሴቶቹ ልጆች በቃላቸው ያውቁታል። እኛ የነገርናቸው ግን ከዚያ በፊት ስለነበረው ሩጫ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደን የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጠች። ረመዳን ያለቀው ገና በዚያው ሳምንት ነበር፤ ልምምዷንም ያደረገችው በጾም ወር ነው። ግማሽ መንገድ አካባቢ ዳሌዋን አሟት ቆመች። ዳር ይዛ እግሯን ስታሳስብ መሪዎቹ ጥለዋት ሄዱ። ያየ ሁሉ አቋርጣ የምትወጣ መስሎት ነበር። እሷ ግን ርቀቱን በአንድ ጊዜ ልዝጋ ብላ አልተጣደፈችም፤ ጥቂት በጥቂት ደረሰችባቸውና በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ቀድማቸው በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ገባች። ሁለተኛ የወጣችው አለሙ መገርቱም የአገራችን ልጅ ናት፤ በመካከላቸው የነበረው አራት ሰከንድ ነው።

አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ ባትቆም ኖሮ ሪከርድ ትሰብር ነበር» አለ። ሌላው «ባትቆም ኖሮ አትጨርስም ነበር» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ እስከ ቁርስ ዘለቀ፤ እኛም አልገባንበትም።

ከቁርስ በኋላ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ወረቀት ሰጠናቸው። ግማሽ ወረቀት የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሙሉ ወረቀት የተሰጠው ልጅ ሙሉውን በምኞት ይሞላዋል። በመጀመሪያ ከስድስት ወሩ ውስጥ ምላስ ላይ የቀረውን፣ ማለት ዛሬ ቢጠየቁ የሚያሰሙትንና የሚሠሩትን እንዲጽፉ፣ ቀጥሎ ከዕቅዳቸው አንድ ነገር በግልጽ እንዲሠርዙ፣ በመጨረሻ በሱብሒና በትምህርት ቤት መካከል ሊሠሩት የሚችሉትን አንድ ትንሽ ነገር እንዲያስቀምጡ ነገርናቸው። ስም መጻፍ ግዴታ አልነበረም።

የሚያስቸግረው መሠረዙ ሆነ። አንዱ እንግሊዝኛ ኮርስ፣ ካራቴና ሦስት ጁዝእ በአንድ ዓመት ይዞ ኖሮ ካራቴውን ለመሠረዝ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ «በየቀኑ ለአያቴ መደወል» የሚለውን ወደ «ጁሙዓ ጁሙዓ» አሳጠረችው፤ ምክንያቱን ስንጠይቃት በየቀኑ ብላ አቅዳ ከጥቅምት ወዲህ አንድም ቀን እንዳልደወለች ነገረችን። ኮተቤ የምትኖረው የ12ኛ ክፍል ተማሪያችንም አብራን ነበረች። በወረቀቷ ላይ «አምስት ጁዝእ» የሚለውን ሠርዛ «አንዱን እስከ ሰኔ በእጄ ማቆየት» ብላ ጽፋለች።

ወረቀቶቹን ሰብስበን በፖስታ አሽገን መድረሳው ቁም ሣጥን ውስጥ ከመጽሐፎቹ ጀርባ አስቀምጠናቸዋል። የሚከፈቱት ክረምት ሳይገባ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ከ31 ወረቀት ሦስቱ ምንም አልተጻፈባቸውም። እነሱንም ከሌሎቹ ጋር አሽገናቸዋል።